የሰማኝ ውሻው ብቻ ነው

እኔ እኮ የጠየቅኩት ቀላል ነገር ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ጅረን ዳገት ትንሽ እንራመድ፣ በቃ! የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይላል። እኔ የለመንኩት በቀን 20 ደቂቃ ነው። ባለቤቴ "ነገ" ይላል። ነገ ሲመጣ ዝናብ ነው። ጅማ ላይ ዝናብ እስኪያባራ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ቁጭ ብሎ ያረጃል። ዳቦ ቤቱ እኮ እዚሁ አፍንጫችን ስር ነው፤ እሱ ግን ባጃጅ ይጠራል።

እናቴስ! ስኳር አለብሽ ተብላለች። አቦሉን ያለ ስኳር፣ ቶናው ላይ ግማሽ ማንኪያ፣ በረካው ላይ የሚቆጥር የለም። "የቡና አገር ተቀምጬ መራራ ልጠጣ?" ትለኛለች። (መራራውማ እዚሁ ነው የሚጣፍጠው!)

ይባስ ብላ የተረፈውን ለቡቺ ትደፋለታለች። እማዬ፣ ቡና ለውሻ መርዝ ነው፤ ስንቴ ልንገርሽ? "ዓይን ዓይኔን እያየኝ እንዴት ብቻዬን ልጠጣ?"

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቡቺ ገመዱን በአፉ ይዞ በር ላይ ይጠብቀኛል። ከቤቱ ሰው አንድም ጫማውን የሚያነሳ የለም። ጭራሽ ትናንት ባለቤቴ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ውሻውን ምን እያደረግሽው ነው? ከሳ እኮ!"