በሬውን አይተን ሣሩን ሳናይ

«በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ይባላል። ተበድረው ከብት ለማድለብ ገበያ የሚወጡ ወጣቶችን ባየሁ ቁጥር ተረቱ ተገልብጦ ይታየኛል፤ በሬውን ያያሉ፣ ሣሩን አያዩም። ማኅበር ይመሠረታል፣ ብድር ይጸድቃል፣ አሥር በሬ ይገዛል። መኖ የሚታሰበው በረቱ ከሞላ በኋላ ነው። ገና በሁለተኛው ወር ገንዘቡ ከዘይት ጭመቃ በሚተርፈው ፋጉሎና በፉርሽካ ግዢ ያልቅና በሬዎቹ ሳይደልቡ ወደ ገበያ ይመለሳሉ። ጥፋቱን በወጣቶቹ ስንፍና ማሳበብ ግፍ ነው። አበዳሪውም አማካሪውም «ስንት በሬ ልትገዙ ነው?» ይላቸዋል እንጂ «ስንት ኩንታል ድርቆሽ አላችሁ?» አይላቸውም።

እስቲ እናስላው። 260 ኪሎ ግራም የሚመዝን በሬ በቀን 7 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ እየከበደ ሲሄድ ደግሞ ይጨምራል። በ120 ቀን ከ8 ኩንታል በላይ ማለት ነው፤ ለአሥሩ 84 ኩንታል። ተከልሎ የቆየ የደጋ ሣር በሄክታር 40 ኩንታል ድርቆሽ ከሰጠ ባለቤቱ ሊደሰት ይገባዋል። እንግዲህ አንድ ሄክታር የሚችለው አራት በሬ ነው። በዚያ ላይ አሥር የሚያስር ሰው ስድስቱን በግዢ መኖ ሊቀልብ ተፈርዶበታል።

ያለንን ሣርም እናበላሸዋለን። ለፋሲካ የሚደለብ በሬ በረት የሚገባው በታኅሣሥና በጥር፣ ሜዳው በሚደርቅበት ጊዜ ስለሆነ ዕጣው የሚወሰነው ከወራት በፊት በታጨደው ድርቆሽ ነው። ብዙዎቻችን ግን ማጭድ የምናነሣው ሣሩ ዘሩን አራግፎ ቢጫ ከሆነ በኋላ፣ በኅዳርና ከዚያም ወዲያ ነው። ያን ጊዜ ክምሩ ትልቅ ነው፤ ከገለባ ግን ብዙም አይሻልም። ማበብ ሲጀምር፣ በጥቅምት አካባቢ ቢታጨድ ፕሮቲኑ ገና በቅጠሉ ውስጥ አለ። ዝናብ ያበላሸዋል የሚለው ሥጋት እውነት ነው። ቢሆንም እያገላበጡ ማድረቅና ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ መከመር ይቻላል። ደህና ድርቆሽ ካለ ፋጉሎው ማጣፈጫ ይሆናል፤ ከሌለ ግን ዋና ቀለብ ሆኖ ኪስ ያራቁታል። ለትንሽ ባለ መሬት ከዚህ የሚበልጥ ገንዘብ የማይጠይቅ ትርፍ አላውቅም።

የሐረርጌ ገበሬ ይህን ከሁላችንም በፊት ያወቀ ይመስለኛል። መሬቱ ጠባብ ነው፤ በሬውን ደጁ አስሮ ከማሽላና ከበቆሎ ማሳው የሚነቅለውንና የሚቀነጥበውን በእጁ ያጎርሰዋል። የሚያስረውም እጁ ሊያጠግብ የሚችለውን፣ አንድ ወይም ሁለት ነው። የሐረር ሰንጋ ስሙን ያገኘው በዚህ ልክ በማወቅ ነው።

ግዢውም ቢሆን በዓይንና በደላላ ምላስ ብቻ መሆን የለበትም። ሚዛን በሌለበት ገበያ አንድ የልብስ ሰፊ ሜትር ብዙ ይረዳል። ከፊት እግሮቹ ኋላ ያለውን የደረት ዙሪያ በሳንቲ ሜትር ለክቶ በራሱ ማባዛት፣ ውጤቱን ከትከሻ እስከ ዳሌ ባለው ርዝመት ማባዛት፣ ከዚያ ለ10,840 ማካፈል ነው። ዙሪያው 150፣ ርዝመቱ 125 የሆነ በሬ 260 ኪሎ ግራም ገደማ ይወጣዋል። ግምት ነው፤ ከደላላው ግምት ግን በእጅጉ ይሻላል። የከሳ በሬ ሁሉም አንድ አይደለም፤ አጥንተ ሰፊ ሆኖ በረሃብ የከሳ ሲጠግብ በፍጥነት ያገግማል፣ የሚያስለውና የሚያስቀምጠው ግን ቢረክስም አይገዛ። የተገዛውም ሁለት ሦስት ሳምንት ለብቻው ታስሮ የትል መድኃኒትና የአባ ሰንጋ፣ የአባ ጎርባ ክትባት ሳያገኝ ከሌሎቹ መቀላቀል የለበትም።

ስለዚህ ብድሩ በሁለት ዙር ይለቀቅ እላለሁ። የመጀመሪያው ለሣር ይሁን፤ በክረምት መግቢያ በእርከን ዳርና በጓሮ ደሾና ዝሆኔ ሣር ለመትከል፣ ለአጥርና ለድርቆሽ ማከማቻ። ሁለተኛው ለበሬ የሚለቀቀው ድርቆሹ ተከምሮ ሲታይ ነው። ወጣት ሥራ ፈትቶ ሣር ሲበቅል ይጠብቅ ወይ የሚሉኝ አሉ። ደሾ ከተተከለ በሦስትና በአራት ወር ይታጨዳል፤ በሰኔ የተከለ ማኅበር በጥር በሬዎቹን ከማስገባቱ በፊት ሣሩ እጁ ላይ ነው። እስከዚያው ሁለት በሬ አስሮ ሙያውን ይማር፤ የተረፈውን ሣር ደግሞ መኖ ላጣ ጎረቤቱ ይሽጥ።