ካሴቱን አትስደቡብኝ!

ዛሬ ካልተነፈስኩ እፈነዳለሁ።

የእናትና አባቴ የሰርግ ካሴት አለ። የ1985 ዓ.ም. ሰርግ፣ በቪኤችኤስ የተቀረጸ። ዴካችን ከሞተ ቆይቷል። ካሴቱ ግን ቁምሳጥን ውስጥ በነጠላ ተጠቅልሎ ይኖራል። እማዬን ላስደስታት ብዬ ከቱሉ ዲምቱ ሁለት ታክሲ ይዤ መሃል ከተማ አንድ ሱቅ ወሰድኩት። ልጁ ከሳምንት በኋላ ፍላሽ ሰጠኝ። «ኤችዲ አድርጌልሻለሁ እህቴ!» ጉርሻ ሁሉ ጨመርኩለት፤ እጄ ይሰበር።

ማታ ቲቪው ላይ ሰካነው። ሙሽሮቹ ተቀምጠው እያለ ደህና ነው። እስክስታው ሲጀመር የሰው ትከሻ ሁሉ ማበጠሪያ ሆነ፤ ጥርስ አወጣ። አክስቴ አንገቷን ስትሰብቅ ሁለት አንገት ኖራት። እማዬ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። «ዓይኔ ነው እንዴ?»

ዓይኗ አይደለም። የኛ አገር ቪዲዮ ፓል በሚባለው የቲቪ አሠራር ነው የሚቀረጸው። በሴኮንድ 25 ምስል ይባል እንጂ እያንዳንዱ ምስል ለሁለት ተከፍሎ ነው የሚቀረጸው። መጀመሪያ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ መስመር እያለ ይወርዳል፤ ከዚያ ተመልሶ የቀሩትን ይሞላል። ስለዚህ በሴኮንድ 50 ግማሽ ምስል አለ። የድሮው ባለ ቱቦ ቲቪ ተራ በተራ ስለሚያሳያቸው አይታወቅም ነበር። ሁለቱ ባንድ ላይ ሲደረቡ ግን ጉድ ይፈላል። በሴኮንድ አንድ ሃምሳኛ ውስጥ የጎጃም ትከሻ የት እንደሚደርስ እናንተው አስቡት።

ይህን የሚያስተካክለው ሥራ ዲኢንተርሌስ ይባላል። ያዲፍ የሚባል ነጻ የኮምፒውተር ማጣሪያ አለ። ጊዜ ላለው ደግሞ ኪውቲጂኤምሲ አለ፤ ቀርፋፋ ነው እንጂ ሥራው ያምራል። 50ውንም ግማሽ ወደ 50 ሙሉ ምስል ይለውጠዋል፣ እስክስታውም እንደ ጥንቱ ይፈስሳል። ልጁ ይህን ሳይነካ ወደ 1080 መስመር ለጠጠው! አንዴ ከተለጠጠ መስመሮቹ ይደበላለቃሉ፣ መመለሻ የለውም። እንዳለ በድሮው መጠኑ፣ 720 በ576 ነጥብ፣ ቢሰጠኝ እኮ ቤቴ ቁጭ ብዬ አስተካክለው ነበር።

ደውዬ ስነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ካሴቱ አርጅቶ ነው።»

ካሴቱን አትስደብብኝ!

እሺ፣ ራሴ ልሥራው አልኩ። አዲስ ዴክ የለም፤ የመጨረሻው አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 አቁሟል። ታች ብሎክ ካሉ ጋሼ ተዋስኩ። ካሴት ደግሞ እንደ ፋይል ኮፒ አይደረግም። የ3 ሰዓት ካሴት 3 ሰዓት ይፈጃል፣ ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ። ጥራቱ እንዳይቀንስ ብዬ ሳልጨምቀው ስቀዳ በሰዓት 75 ጊጋ ገደማ ይበላል። የላፕቶፔን ፎቶዎች ሁሉ አጥፍቼ ቦታ ለቀቅኩ።

ቅዳሜ ጀመርኩ። ከ40 ደቂቃ በኋላ መብራት ሄደ። እሁድ ኬኩ ሊቆረስ ሲል ሄደ። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ዴኩ የለውም።

ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ ሞከርኩ። አክስቴ ልትነሳ ነጠላዋን ስታስተካክል ድርግም! አሁን በስልክ መብራት ዴኩን እያየሁት ነው። ካሴቱ ውስጡ ነው፣ አይወጣም። እማዬ ከሳሎን «ደረሰ እንዴ?» እያለች ነው።