ብቻውን የሚቀመጠውን ማን ያበላዋል?

ጎንደር ውስጥ ሥዕል የሚሥል፣ ግጥም የሚጽፍ ወይም ዜማ የሚሠራ ወዳጅ ካላችሁ ይህን ክስ ሰምታችሁታል። ሰውየው ሦስት ቀን ካልታየ «ምነው ጠፋህ፣ አስቀየምንህ እንዴ?» ይባላል። ሳምንት ከሞላው ደግሞ ወይ ታሟል ወይ ኮርቷል። በሌላ በኩል ወጣቶቹ በስልካቸው የሚሰሙት ምክር አለ። እውነተኛ አርቲስት ብቸኛ ነው፣ ለቅሶውና ሠርጉ ጊዜህን ይበላዋል፣ በርህን ዝጋ የሚል ምክር ነው። እኔ ሁለቱም ልጆቻችንን እየጎዷቸው ነው ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያው ቁጭ ብሎ መሥራትን ይከለክላል። ሁለተኛው የሠራኸውን አይቶ የሚነግርህን ሰው ያሳጣሃል።

ጥያቄው አዲስ ይመስላል እንጂ አገራችን ከቆየ መልስ ጋር ታውቀዋለች። ቅኔ ቤት ሂዱና እዩ። የጎንደር ስም ይበልጥ የሚነሣው በአቋቋም፣ ማለትም በማኅሌት ዜማና ዝማሜ፣ እንዲሁም በመጻሕፍት ትርጓሜ ቢሆንም ቅኔ እዚህም ይቆጠራል፣ ማለትም ይደረሳል። መምህሩ መንገዱን ያሳያል። ከዚያ ተማሪው ለብቻው ይወጣል። ዛፍ ሥር ወይም ሰው በማያልፍበት የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጥግ ይቀመጣል። ደበሎውን ተከናንቦ ይቆጥራል። በዚያ ሰዓት ማንም አይጠራውም። ያየው ሰው ሰላም ሳይለው ቢያልፍ ነውር አይሆንበትም። ሁለት ቤት (ስንኝ) ያላት አጭሯ ቅኔ፣ ጉባኤ ቃና፣ ብቻ ቀኑን ልትጨርስበት ትችላለች። ስምንት ቤት ያለው ረጅሙ ቅኔ፣ መወድስ፣ ላይ የደረሰው ተማሪማ ሐሳቡ የት እንዳለ እሱና ፈጣሪው ናቸው የሚያውቁት።

ሲመሽ ግን ይመለሳል። የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል። ጓደኞቹም ይሰማሉ። ቤት ከሰበረ፣ ምሥጢሩ ካልገጠመ፣ እዚያው ይታረማል። በማግስቱ እንደገና ይወጣል። ልብ በሉ፣ ወደ ዛፉ ሲሄድ ማታ የሚነግረው እንዳለበት እያወቀ ነው። እንደ እኔ እምነት ቀኑን ሙሉ የሚያሠራው ይህ ነው። ዛሬ ብዙዎቻችን ክፍላችንን ዘግተን ወር ስንቀመጥ የጎደለን የማታው ሰው ነው። አንድ ሥዕል ሳያልቅ ዓመት የሚደፍነው፣ ልብ ወለዱ ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ የሚቆመው ብዙ ጊዜ በጊዜ እጦት አይደለም። ማታ የሚጠብቀው ሰው ስለሌለ ነው።

ከዚህም በላይ የሚደንቀኝ ነገር አለ። ይህን ተማሪ የሚያበላው መንደሩ ነበር። አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይቆማል። ቁራሿን የምትዘረጋለት እናት ግእዝ ላታውቅ ትችላለች። የልጁ ቅኔ ጥሩ ይሁን አይሁን መለየት አትችልም። ግን ቀኑን ሙሉ ዛፍ ሥር የተቀመጠውን ልጅ ሥራ ፈት ነው ብላ አላባረረችውም። ዝምታውን የሰጠው ሕዝቡ ነው። ኑሮው ይመለስ ማለቴ አይደለም። ረሃቡም፣ ብርዱም፣ የመንደር ውሻውም ክፉ ነበር። እኔ የምመኘው ያንን መተማመን ነው።

አዝማሪው ጋ ስንሄድ ነገሩ ይገለበጣል። ከጎንደር ብዙም በማትርቀው የቡርቧክስ መንደር ልጆች ማሲንቆን የሚማሩት ከአባትና ከአጎት ሥር ሆነው ነው። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ደግሞ ያውቀዋል። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው በዜማ ይመልሳል። ግጥሙ የሁለቱም ይሆናል። ያለ ሰው የማይሠራ ጥበብ ነው። እሱም ቢሆን ጣቱን የሚያፍታታው ቤቱ ከመሙላቱ በፊት ነው። በጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን የሚማር የአቋቋም ተማሪም ቀለሙን ለብቻው እየቀጸለ (እየደጋገመ) ያጠናና ማኅሌት ላይ ከጓደኞቹ ጋር ይቆማል።

እንግዲህ ወደ ዛሬው። ተከራይቶ የሚኖር ሠዓሊ ግቢው ውስጥ ቡና አለ። ዕድር አለ፣ ሰንበቴ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ለቅሶ አለ። የቱ ይቅር? እኔ ለቅሶ አይቀርም ባይ ነኝ። የሰው ሐዘን ላይ መገኘት ከሥራ ጋር የሚነጻጸር ጉዳይ አይደለም። ደግሞም ገጣሚ ከሆንክ ሙሾ አውራጇን የት ትሰማታለህ? ያቺ ሴት ሟቹን በሁለት ስንኝ አስነሥታ የተቀመጠውን ሁሉ ታስለቅሳለች። ይህን የሚያስተምር ሌላ ክፍል አላውቅም። አቦሉን ጠጥቶ በረካውን ሳይጠብቁ መነሣት ግን ይቻላል። «ሥራ ይዣለሁ» ብሎ መነሣትን ጎረቤት ቀስ በቀስ ይለምደዋል፤ ቀድሞ ከተነገረው፣ ለቅሶው ላይም ካየህ።

በእርግጥ መቀነስ ያለበት ስልኩ ነው። ስልክ ይዞ የተቀመጠ ሰው ብቻውንም አይደለም፣ ከሰው ጋርም አይደለም። ገና ያላለቀ ሥዕል ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ልብ ይዘንብለታል። አንድም ሰው «ይህ እጅ ረዝሟል፣ ይህ ቀለም ከብዷል» አይለውም። የቅኔ ተማሪው ማታ የሚያገኘው ሙገሳ ሳይሆን እርማት ነበር።

የሴቶቹ ነገር ለብቻው መነሣት አለበት። ወንድ በሩን ሲዘጋ «እየሠራ ነው፣ አትረብሹት» ይባልለታል። ሴት ስትዘጋ ቡናውን ማን ያፍላ? እንግዳው ሲመጣ ማን ይነሣ? የማውቃቸው ሴት ጸሐፊዎች የሚጽፉት ሰው ከተኛ በኋላ ነው። ደክመው፣ ነገ በጠዋት እንደሚነሡ እያወቁ። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቁስቋም ላይ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ከፋሲል ግቢ ወጣ ያለ ነው፣ ግን ከከተማው አልራቀም። የዘመኑ የጎንደር ሥዕልም በእሳቸው ድጋፍ አድጓል። እሳቸው እቴጌ ስለነበሩ ቦታው ነበራቸው። ዛሬ በከተማችን ማራኪ ወይም አዘዞ ሰፈር የምትኖር ሠዓሊ ግን የምትዘጋው አንዲት ክፍል እንኳ የላትም። ስለ አርቲስት ብቸኝነት ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ወንዶች ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ስለ ጊዜያችንም ዝም ማለት አልችልም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ክልላችን ምን እንዳሳለፈ ሁላችንም እናውቃለን። መንገድ ሲዘጋ፣ ማታ መውጣት ሲያሰጋ ሰው ቤቱ ይቀመጣል። «ለእናንተማ ጥሩ ነው፣ ትጽፉበታላችሁ» ያሉኝ አሉ። አይደለም። የተኩስ ድምፅ እየጠበቁ የሚቀመጡት መቀመጥ ሌላ ነው። የቅኔ ተማሪው ዛፍ ሥር ሁሉን የሚረሳው መንደሩ ደኅና እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው። ወንድሙ የት እንዳደረ የማያውቅ ሰው ምንም አይረሳም። በዚህ ጊዜ አርቲስቱ ከዝምታ ይልቅ ሰው ያስፈልገዋል። ስልክ ደውሎ «አለህ?» የሚለው ሰው።

እኔ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። በከተማችን ጠዋት ጠዋት ባዶ የሚሆኑ አዳራሾችና የስብሰባ ክፍሎች አሉ። ጥቂቶቹ ለሚሠሩ ሰዎች፣ በተለይ ለሴቶች፣ ጠዋት ይከፈቱ። ወንበርና ጠረጴዛ ይበቃል። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ እንሰብሰብ። ሰው ሳይመሽበት ቤቱ እንዲገባ ከሰዓት በኋላ ይሁን። ያለቀ ሥራ አይምጣ፤ የተጀመረው፣ የጠመመው፣ አልሆን ያለው ይምጣ። ሠዓሊው የገጣሚውን ይስማ፣ ገጣሚው የሠዓሊውን ይይ። ጭብጨባ አይኑር፣ እርማት ይኑር። ቡናም ይፈላ፤ ግን በተራ ይሁን፣ ወንዶቹም ተራ ይግቡ።