እጁ ቀላል ነው

ኮዬ ፈጬም ሆነ ለገጣፎ፣ ልጅ ሁለት ቀን ካተኮሰው ሽሮፕ የሚያዝ ሐኪም ማን ይፈልጋል? በማንኪያ የሚለካ ነገር ደግሞ መድኃኒት ተብሎ! ጤና ጣቢያው «ጉንፋን ነው፣ መርፌ አያስፈልገውም» ካለም ችግር የለም፤ ሰፈር ውስጥ እጁ ቀላል የሆነ «ዶክተር» አይጠፋም። እግዜር ይስጠው፣ ቤት ድረስ ይመጣል። ወረፋ የለ፣ ካርድ የለ፣ ጥያቄም የለ።

ጥበቡ የሚታየው ክንድ ላይ ነው። ጎማውን ጥርቅም አድርጎ ያስርና ክርን እጥፋት ላይ የወፈረውን የደም ሥር ይወጋል። ጎማው ሳይታሰር በጣት ዳብሶ «ይመታል ወይ?» ማለት የጀማሪ ሥራ ነው። ከልብ ደም የሚያመጣው፣ የሚመታው ደም ቅዳ እዚያው፣ ደም ወደ ልብ ከሚመልሰው ከደም መልሱ በታች ያልፋል፤ ጎማው ሲጠብቅ ግን ምቱ ይጠፋል፣ የማይመታ ነገር ደግሞ የለም ማለት ነው፣ አይደል? ደማቅ ቀይ ደም ሲሪንጁን ገፍቶ ቢመጣ፣ ደም ቅዳ ተወጋ ማለት ሲሆን፣ «ደሙ ጥሩ ነው» ይባላል። ጠቆር ካለማ ጭራሽ አያሳስብም፤ ኦክስጅን ያነሰው ልጅ የደም ቅዳው ደምም ይጠቁራል ብሎ የሚጨቀጭቅ የለም።

ከዚያ ልጁ ስላስመለሰው ፕሮሜታዚን ይገፋል። ደም መልስ ቢገባ ኖሮ ጅረት ወንዝ እንደሚቀላቀል፣ ወደ ሰፊው እየተበረዘ ወደ ልብ ይሄድ ነበር። ደም ቅዳ ውስጥ ግን መንገዱ ወደ ጠባቡ፣ ወደ ጣት ጫፍ ነው። የሥሩን ግድግዳ ያቃጥላል፣ ደም ያረጋል። መርፌው ሳይወጣ ልጁ ይጮኻል፤ ጣቶቹ ይነጣሉ፣ ይዥጎረጎራሉ፣ ይቀዘቅዛሉ። «አይዞህ የኔ ጎበዝ፣ ከረሜላ አለ!»

ክንድ ለማይወድ መቀመጫ አለለት። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ የጭኑ ውጭ ጎን እያለለት፣ ወተት የመሰለው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን መቀመጫው ላይ ይሰካል። የመድኃኒቱ ቅንጣት ደም ቅዳ ከገባ ቆዳው ላይ ወይን ጠጅ መረብ ይዘረጋል፤ ሲብስ ሥጋው ይሞታል።

ወጊያችን ግን ፈጣን ነው፦ መርፌውን ነቅሎ ጥጥ ያስይዛል፣ በረዶ ያዛል። የሆስፒታል ሰዎች ሁሉን ያካብዳሉ፦ መግፋቱን አቁሙ፤ ካኑላ (ሥር ውስጥ የሚቆይ ቀጭን ቱቦ) ከሆነ አትንቀሉት፣ ማከሚያው በዚያው ይገባል፤ እጁን ከፍ አድርጉ፤ በረዶ አታስነኩ፤ ብልቃጡን ይዛችሁ ሩጡ።

ብልቃጡማ ቆሻሻ ውስጥ ገብቷል። ተረኛው ሐኪም «ምን ነበር የተወጋው?» ሲል መልሱ አይጠፋም፤ «መርፌ ነዋ፣ ዶክተር!»