እርማት፦ ፒን ቁልፍ አይደለም
የደሴው ወንድማችን ፖስትግሬስ ስለተባለው የመረጃ ቋት ሥርዓት ሲናገሩ የኮምቦልቻን መጋዘን የእህል መዝገብ በምሳሌነት ጠቅሰው፣ «ፖስትግሬስ ረድፍ ሲያነብ ገጹን ፒን ስለሚያደርገው፣ ፒኑ እስኪለቀቅ ማንም አይጽፍበትም» ያሉት ብዙዎች የሚደግሙት ስሕተት ነው። ፒን «ይህ ገጽ በሥራ ላይ ነው» የሚል ምልክት ነው፤ የሚከለክለውም በመደበኛው 8 ኪሎባይት የሆነው ገጽ፣ ማለትም ረድፎች በአንድነት የሚቀመጡበት ክፍል፣ ከባፈሩ (ገጾች ከዲስክ ተነበው ከሚቆዩበት የማስታወሻ ክፍል) ወጥቶ ቦታው ለሌላ ገጽ እንዳይሰጥ ሲሆን፣ ይዘቱን ማንበብንና መጻፍን የሚቆጣጠረው ራሱን የቻለ ቁልፍ (ሎክ) ነው። ስለዚህ የጤፉ ረድፍ ተነቦ ይህ ቁልፍ ከተለቀቀ በኋላ፣ ፒኑ ገና ሳይነሣ፣ ሌላ ሰው በዚያው ገጽ ላይ አዲስ ረድፍ ሊጨምር፣ የጤፉንም ረድፍ ራሱን ሊሰርዘው ይችላል። በእርግጥ ፒኑ አንድ ሥራ ያግዳል፦ ቫክዩም የተባለው የጽዳት ሥራ የሞቱ (ከእንግዲህ ለማንም የማይታዩ) ረድፎችን ጠርጎ የቀሩትን በገጹ ውስጥ ለማሸጋሸግ የራሱ ፒን ብቻ እስኪቀር መጠበቅ፣ አለዚያም ያን ገጽ ለጊዜው ማለፍ አለበት፤ በእጅዎ ያለው፣ ረድፉ በማስታወሻ ውስጥ የት እንዳለ የሚያሳየው ጠቋሚ የማይበላሽብዎትም በዚሁ ምክንያት ነው።