ለዕድሜ ልክ የተከፈለበት ጌም በ15 ወር ሲዘጋ ማን ይጠየቅ?

ክርክሩ የተነሳው ሄልጌት ለንደን በሚባለው የኮምፒውተር ጌም ነው። ለማያስታውሰው ሰው ባጭሩ፣ ዲያብሎ የሚባለውን ጌም የሰሩት የብሊዛርድ ኖርዝ ሰዎች፣ እነ ቢል ሮፐር፣ ዴቪድ ብሬቪክ፣ ማክስና ኤሪክ ሼፈር በ2003 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከብሊዛርድ ወጥተው ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ፍላግሺፕ ስቱዲዮስ የሚባል ጌም ሰሪ ድርጅት ከፈቱ። ጌማቸው ኦክቶበር 31 ቀን 2007 ወጣ። ጌሙን የገዛ ሰው ኦንላይን በነጻ መጫወት ይችል ነበር፣ ሙሉውን ለማግኘት ግን በወር 10 ዶላር ገደማ ይከፍል ነበር ወይ ደግሞ ፋውንደር ሆኖ አንዴ 150 ዶላር ገደማ ከፍሎ ለዕድሜ ልክ ይገላገል ነበር። ጁላይ 2008 ላይ ስቱዲዮው ፈረሰ። ጌሙን ኦንላይን የሚያጫውተው ሰርቨር ጃንዋሪ 31 ቀን 2009 ጠፋ። ጥያቄው እንግዲህ፣ ስቱዲዮ ሲወድቅ አስቀድሞ የከፈለው ተጫዋች ገንዘቡ ሊመለስለት ይገባል ወይስ አይገባም? ከሳሽ ለተጫዋቹ፣ ጠበቃ ለስቱዲዮው ይከራከራሉ።

ከሳሽ፦ ይገባዋል፣ ሁሉም ባይሆን እንኳ ያልተጠቀመበት ይመለስለት። እስቲ መጀመሪያ ምን እንደተሸጠለት እንይ። ከፋዩ ብዙ ካራክተር (ጌሙ ውስጥ የሚጫወትበት ገጸ ባህሪ) መፍጠር ይችላል፣ እቃ ማስቀመጫው ይሰፋለታል፣ አንዴ ከሞትክ አበቃ የሚባለው ሃርድኮር ሞድ ይከፈትለታል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በየጊዜው አዲስ ነገር ይጨመርልሃል ተብሏል። ዋናው እሱ ነው እኮ፣ 150 ዶላር የሚያወጣ ሰው ዛሬ ላለው ነገር አይደለም የሚከፍለው ነገ ለሚመጣው ነው። የመጣውስ ምንድነው? በጃንዋሪ 2008 የስቶንሄንጅ ፓች (ጌሙ ላይ የሚጨመር ማሻሻያ)፣ ትንሽ ትንሽ የበዓል ነገሮች፣ ከዛ በጣም ሲወራለት የነበረው 2.0 ፓች ቴስት ሰርቨር (መሞከሪያው) ላይ ታየና እዛው ቀረ። ጌሙ በወጣ በዘጠነኛው ወር ስቱዲዮው የለም። የሚሰራው ሰው ከሌለ የሚጨመር ነገር የለም፣ ስለዚህ ሰውየው የገዛው ነገር የሞተው ሰርቨሩ ሲጠፋ ሳይሆን ያን ቀን ነው።

ጠበቃ፦ እህቴ ንዴትሽ ይገባኛል ግን ሂሳቡን እንስራው። 150ን ለ10 ስታካፍይው 15 ወር ነው። ከኦክቶበር 31 ቀን 2007 እስከ ጃንዋሪ 31 ቀን 2009 ድረስ ደግሞ ቁጠሪው፣ ድፍን 15 ወር ነው። በየወሩ ቢከፍል ኖሮ የሚያወጣውን ነው ያወጣው፣ አላተረፈም አልከሰረም። ሌላም ነገር አለ፣ የዕድሜ ልክ ክፍያ ርካሽ የሚሆነው ለምንድነው? አደጋው ስላለበት ነው! በዛው በ2007 በኤፕሪል ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ኦንላይን የሚባለው ጌም ወጣ፣ ቱርባይን ነው የሰራው፣ እነሱም ለቀደሙት በ199 ዶላር የዕድሜ ልክ ሸጡ። ያ ጌም እስከ ዛሬ ይሰራል። ባለቤቱም አስተዳዳሪውም ተቀያይሮ እንኳ እነዛ ሰዎች ያኔ በከፈሉት 199 ዶላር እየተጫወቱ ነው፣ በየወሩ ቢከፍሉ ስንት ሺ ዶላር ያወጡ ነበር። ከነሱ ውስጥ ብዙ ስላተረፍኩ ልጨምርላችሁ ያለ ሰው አለ? የለም፣ ሊኖርም አይገባም። ሁለቱም ወገን አስቦ የገባበት ነገር ነው። ሲያተርፉ የኔ ሲከስሩ የናንተ ማለት አያስኬድም።

ከሳሽ፦ ሂሳብህ ቁጥሩ ልክ ነው ውጤቱ ግን ልክ አይደለም። በኦክቶበር 2008 የጌሙ ፐብሊሸር (አውጥቶ የሚሸጠው ኩባንያ) ናምኮ ባንዳይ ምን ብሎ አሳወቀ? ሰርቨሩ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ በነጻ ይቆያል አለ። በነጻ ነው፣ ለሁሉም ሰው። ስለዚህ በየወሩ ሲከፍል የነበረው መክፈል አቆመና መጫወቱን ቀጠለ፣ ፋውንደሩ ግን የ15ቱንም ወር ቀድሞ ከፍሎታል። በጣም ያመነው ነው ብዙ የከፈለው፣ ተጠራጥሮ በየወሩ የከፈለው ነው የተጠቀመው። ይሄ ላንተ ትክክል ነው?

ደግሞ ስለ ካራክተሮቹም አልተነሳም። በዚህ ጌም የኦንላይን ካራክተርህ የሚቀመጠው ሰርቨር ላይ ነው፣ ኮምፒውተርህ ላይ ብቻህን የምትጫወተው ሲንግል ፕሌየር ሌላ ነው፣ አንዱን ወደ ሌላው ማዘዋወር አይቻልም። ሆልቦርን ስቴሽን ውስጥ የጀመርክበትን ልጅ፣ በየዋሻው በየባቡር ሀዲዱ እየተጋደልክ ሌቨል 50 ያደረስከውን፣ መሳሪያውን አንድ በአንድ እየፈታህ በፈታኸው ነገር ሌላውን ያሻሻልክበትን፣ ሌሊቱን ሙሉ አምስት ሆናችሁ አንድ ቦስ (ከባዱን ጠላት) ለመጣል የተሟሟታችሁበትን፣ ይሄን ሁሉ ፌብሩዋሪ 1 ቀን ስትነሳ የለም። ዲቪዲው መደርደሪያህ ላይ አለ፣ ከፍተህ ከዜሮ ብቻህን መጀመር ትችላለህ። እኔ ገንዘቡን ብቻ አይደለም የማየው፣ ሰው ከስራ መልስ ያለችውን ሰዓት ነው እዛ ላይ ያፈሰሰው።

ጠበቃ፦ ያሳዝናል፣ አልክድም። ግን ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ይሄን ጥያቄ ማንም አይመልስልኝም። ስቱዲዮ ሲወድቅ ካዝናው ውስጥ ብር ተቀምጦ አይደለም የሚወድቀው፣ ባዶ ስለሆነ ነው የሚወድቀው። የሄልጌትን መብት ኮሜሪካ የሚባለው ባንክ ለብድሩ መያዣ አድርጎት ነበር፣ ሌላኛው ጌማቸው ሚቶስ ደግሞ ለኮሪያው ሃንቢትሶፍት ነው የገባው። መጀመሪያ መያዣ ያለው ይወስዳል፣ ከዛ ደሞዝ ያልተከፈለው ሰራተኛ አለ፣ ግብር አለ፣ አቅራቢ አለ። ተጫዋቹ ጭራ ላይ ነው። ስቱዲዮው ውስጥ የነበሩትም እኮ ሰዎች ናቸው፣ አራት አምስት አመት ለፍተው አንድ ቀን ቤታችሁ ግቡ የተባሉ። ባለቤቶቹን ሌባ ማድረግ ቀላል ነው ግን ይዘው የጠፉት ብር የለም፣ ሰርተውበት ነው ያለቀው።

ከሳሽ፦ ሌባ አላልኩም። ጭራ ላይ ያልከው ግን ስህተት ነው ወንድሜ። የአሜሪካ የኪሳራ ህግ አንድ ተራ ሰው ለራሱ መጠቀሚያ ብሎ ቀድሞ የከፈለውንና ያልተቀበለውን ነገር እስከተወሰነ ብር ድረስ ቅድሚያ ይሰጠዋል፣ ከሰራተኛ ደሞዝ ቀጥሎ ከግብር እንኳ በፊት። ህጉ ራሱ ይሄ ሰው አበዳሪ አይደለም ስለዚህ አትጨክኑበት እያለ ነው። ችግሩ የት ላይ ነው፣ ያለው ንብረት በሙሉ ቀድሞ ለባንክ ተይዞ ከሆነ ቅድሚያህ የባዶ ነገር ቅድሚያ ነው። ስለዚህ እኔ የምለው ከወደቀ በኋላ ካዝና እንበርብር አይደለም፣ ሲሸጥ ነው መታየት ያለበት። እቁብ ላይ ቀድሞ የደረሰው ሰው ዋስ ሳይጠራ ብሩን ይዞ ይሄዳል እንዴ? አይሄድም፣ ምክንያቱም የወሰደው ገና ያልተጣለውን የሰው ብር ነው። እነዚህ ግን ገና ያልሰጡትን የአመታት አገልግሎት ሸጠው ብሩን ያለ ዋስ ተቀበሉ። የዕድሜ ልክ የሚሸጥ ኩባንያ ወይ ኢንሹራንስ ይግባ ወይ ከብሩ የተወሰነውን ዝግ አካውንት ውስጥ አስቀምጦ ወር በወር እያገለገለ ይውሰድ። ሲወድቅ የቀረው ለከፋዩ ይመለሳል፣ ባንክም አይነካውም።

ጠበቃ፦ ወረቀት ላይ ያምራል። ስራው ላይ ስታመጪው ግን ትልልቆቹን ነው የምትጠቅሚው። ዝግ አካውንት ውስጥ ብር አስቀምጦ መኖር የሚችለው ማነው፣ ኢኤ ነው፣ ዩቢሶፍት ነው። ከብሊዛርድ ወጥተው የራሳቸውን ለመስራት ለሚሞክሩ ሰዎች ግን ያ ቀድሞ የተከፈለው ብር የፕሮግራመር ደሞዝ ነው፣ የሰርቨር ኪራይ ነው። እሱን ቆልፊባቸው፣ በዘጠኝ ወር የወደቁት በሶስት ወር ይወድቃሉ። መፍትሄው ደግሞ እዛው ነበር እኮ፣ በወር 10 ዶላር ክፈል። ቢወድቅ የምትከስረው ግፋ ቢል የአንድ ወር ነው። ያንን ትቶ 150 የመረጠ አዋቂ ሰው ነው፣ የመረጠውን ያውቃል። ሰዎቹም ከዛ ተምረዋል። ሼፈሮቹና ሲያትል ላይ ሚቶስን ሲሰራ የነበረው ትራቪስ ባልድሪ ሩኒክ ጌምስን መስርተው በኦክቶበር 2009 ቶርችላይትን አወጡ፣ 20 ዶላር፣ አንዴ ትገዛለህ ያንተ ነው፣ ወርሃዊ ክፍያ የለው ሰርቨር የለው። ፍላግሺፕን በእዳ አስረሽው ብትይዢው ያ ጌም አይኖርም ነበር።

ከሳሽ፦ ቶርችላይት ጥሩ ጌም ነው፣ ደስ ብሎኛል፣ ግን የሄልጌት ፋውንደር ቶርችላይትን በነጻ አላገኘም። መረጠ የምትለውም፣ ምን አይቶ ነው የመረጠው? የፋውንደሩ ዋጋ ገና ከመጀመሪያው ለሚገባ ሰው የቀረበ የጊዜ ገደብ ያለው ነገር ነው፣ ጌሙ ባግ በባግ (በስህተት የተሞላ) ሆኖ መውጣቱን ሰው ሳያይ። የስቱዲዮውን ሂሳብ ማን አሳየው? ባንኩ አይቷል፣ ፐብሊሸሩ አይቷል፣ ያላየው እሱ ብቻ ነው፣ እና አደጋውን ተሸከም የምትለው ያላየውን ሰው ነው።

ከዛ በኋላ የሆነውን ደግሞ ተመልከት፣ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ጌሙ አልሞተም እኮ! ኮሪያ ውስጥ በሃንቢትሶፍት ቀጠለ፣ እዚህ ቴስት ሰርቨር ላይ የቀረው 2.0 እዛ ተለቀቀ። በ2011 በነጻ የሚጫወቱት ሆኖ ተመልሶ ወጣ፣ በ2018 ደግሞ ስቲም የሚባለው የኦንላይን ጌም መሸጫ ላይ ለሽያጭ ቀረበ፣ ያውም ሲንግል ፕሌየር ብቻ፣ ፋውንደሩም እንደማንኛውም መንገደኛ እንደገና ይግዛ። ንብረቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቃሉ ባዶ በሆነው ድርጅት ላይ ቀረ። ገንዘብ ያለው ጋ ንብረቱ፣ ገንዘብ የሌለው ጋ ግዴታው። መልቲፕሌየሩን (ከሌሎች ጋር የሚጫወቱበትን) መልሰው ያስነሱት ለንደን 2038 ብለው በራሳቸው ጊዜ የሰሩት አድናቂዎች ናቸው፣ ማንም ሳይከፍላቸው።

ጠበቃ፦ እዚህ ላይ ትንሽ እንስማማለን። በ2024 ዩቢሶፍት ዘ ክሩ የሚባለውን ጌም ሲዘጋ የተነሳው የስቶፕ ኪሊንግ ጌምስ ዘመቻ የሚለውን እኔም እደግፋለሁ፣ አውሮፓ ላይ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው የፈረመው ያለ ምክንያት አይደለም። ስትዘጋ ተጫዋቹ ራሱ ሰርቨር እንዲያቆም ፋይሉን ልቀቅለት፣ ካራክተሩን አውርዶ ይውሰድ። ወጪው ብዙ አይደለም፣ ቀድሞ ከታሰበበት በተለይ። ግን ያ ገንዘብ ከመመለስ የተለየ ጉዳይ ነው። መብቱን የገዛ የፋውንደሮቹንም ግዴታ አብሮ ይውሰድ ካልሽ ደግሞ አስቢው፣ የጌሙ ዋጋ ይወርዳል፣ ምናልባትም የሚገዛው ይጠፋል፣ ያኔ ኮሪያም አይቀጥልም ስቲምም አይመጣም።

ከሳሽ፦ ይውረድ። ዋጋው የሚወርደው በውስጡ ዕዳ እንዳለ ስለታወቀ ነው፣ ዕዳው ደግሞ ድሮም ነበረ፣ ተጫዋቹ ላይ ስለተጫነ ነው ያልታየው። መብቱን የወሰደ ግዴታውንም ይወስዳል ከተባለ ነገሩ ከወደቀ በኋላ ሳይሆን ገና ብድሩ ሲሰጥ ነው የሚስተካከለው፣ ባንኩ መያዣው ስንት እንደሚያወጣ ለማወቅ ሲል ራሱ ስቱዲዮውን ስንት የዕድሜ ልክ አካውንት ሸጣችኋል፣ ብሩስ የት ነው ያለው ብሎ ይጠይቃል። ተጫዋቹ ይሄን የሚጠይቅበት መንገድ የለውም፣ ባንኩ ግን አለው፣ እኔም የምፈልገው እንዲጠይቅ የሚያስገድደው ህግ እንዲወጣ ነው።