የመስከረም እንግዶቻችን የት ይረፉ?

መስከረም ሲጠባ ሁላችንም የምናውቃት ወፍ አንድ ናት፤ የመስቀል ወፍ። ግን የመስቀል ወፍ ከየትም አልመጣችም። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ናት። ወንዱ ለመራቢያ ወቅት ላባውን ቀይሮ ስለሚያጌጥ ነው ድንገት ዓይናችን የሚገባው። እውነተኞቹ መንገደኞች ሌሎች ናቸው። እነሱን ልብ የሚላቸው የለም።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ብሔረ ጽጌ መናፈሻ ሄጄ ነበር። ሣሩ ገና ጤዛ እንደያዘ ነው። ደረቷ ቢጫ የሆነ ትንሽ ወፍ ረጅም ጅራቷን ሽቅብ ቁልቁል እየወዘወዘች ትሮጣለች። አይታችኋት ይሆናል፤ ከብት ከሚግጥበት አትጠፋም፣ ላሞቹ በእግራቸው የሚያስነሱትን ዝንብ እየተከተለች ትለቅማለች። ይህች ወፍ ከጥቂት ሳምንታት በፊት አውሮፓ ወይም እስያ ነበረች። ክብደቷ 17 ግራም ገደማ ነው። ቁጥቋጦው ውስጥ ደግሞ ከእሷም የምታንስ አረንጓዴ ቀመስ ወፍ ነበረች፣ 10 ግራም ገደማ፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ ሙሉ ስኳር በሉት። ያቺን የምታህል ነገር ናት በረሃና ባሕር አቋርጣ የመጣችው። ያውም ብዙዎቹ ዘንድሮ የተፈለፈሉ ናቸው፤ መንገድ የሚያሳይ እናትም አባትም አብሯቸው አልበረረም።

ቀና ካላችሁ ከሩሲያና ከካዛክስታን ሜዳ የሚመጡት ንስሮች አሉ። ክንፋቸውን ዘርግተው በሞቀ አየር ላይ ስለሚንሳፈፉ ሰፊ ባሕር አይደፍሩም፤ ብዙዎቹ ከየመን ወደ ጅቡቲ ባብ ኤል መንደብ ላይ፣ በጠባቡ በኩል ይሻገራሉ። በስምጥ ሸለቆና በቀይ ባሕር መስመር በየዓመቱ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ ትልልቅ ወፎች ያልፋሉ። እኛ መንገዳቸው ላይ ነን።

እኔን የሚያንገበግበኝ ታዲያ ሌላ ነው። ሰፈሬ አጠገብ ወንዝ ዳር ቁጥቋጦና ቄጠማ የነበረበት አንድ ረግረጋማ ጥግ ነበር። አምና መናፈሻ ሆነ። ያምራል፣ ልጆች ይጫወቱበታል፣ ደስ ብሎኛል። ግን ቁጥቋጦው ተመነጠረ፣ ረግረጉ ተደፈነ፣ ሣሩ በየሳምንቱ ይታጨዳል፣ መብራቱ እስኪነጋ አይጠፋም። ዘንድሮ ሦስት ጠዋት ተመላልሼ ከነዚህ እንግዶች አንዷንም አላየሁም። ወፏ የመጣችው ልትበላ ነው። ታጭዶና መድኃኒት ተረጭቶ ነፍሳት ያልቀረበት ሣር ለእሷ ከአስፋልት አይለይም።

ቁጥቋጦ የሌባ መደበቂያ ነው የሚሉኝ አሉ። እውነት አላቸው፤ ሲመሽ ብቻዬን ማለፍ እኔም እፈራ ነበር። እኔ ግን መናፈሻው ሁሉ ዱር ይሁን አላልኩም። በየመናፈሻው አንድ ጥግ፣ ከሰው መንገድ ራቅ ያለ፣ ቢፈለግ የታጠረ፣ ውሃ የሚተኛበትና የአገር በቀል ቁጥቋጦ ያለበት ይተውላቸው ነው የምለው። ወጪ የለውም፤ እንዲያውም የማጨጃ ብር ይተርፋል።

መብራቱም ይታሰብበት። አብዛኞቹ ትናንሽ ወፎች የሚጓዙት ሌሊት ነው፣ ኮከብ እያዩ፣ የምድርን መግነጢሳዊ ኃይል እየተከተሉ። ኃይለኛ መብራት ያደናግራቸዋል፣ ስቦም መስታወት ላይ ይጥላቸዋል። በፈረንጆች ጥቅምት 2023 ቺካጎ ውስጥ ሐይቅ ዳር ካለ አንድ የስብሰባ ማዕከል መስታወት ጋር ተጋጭተው በአንድ ሌሊት 1,000 የሚጠጉ ወፎች ሞቱ። በዓመቱ መስታወቱ ላይ ጥቃቅን ነጠብጣብ ያለበት ፕላስቲክ ተለጠፈና ሞቱ በእጅጉ ቀነሰ። የአዲስ አበባ ፎቆችም መስታወት በመስታወት እየሆኑ ነው፤ ገና ሲሠሩ ማሰብ በኋላ ከመለጠፍ ይቀላል። ቢያንስ በመስከረምና በጥቅምት፣ ሰው ከሌለበት ሰዓት ጀምሮ የጌጥ መብራቱ ቢጠፋ ማን ይጎዳል?

እስከዚያው ልጆቻችሁን ይዛችሁ አንድ ጠዋት ወደ እንጦጦ ወይም ወደ ጉለሌ እጽዋት ማዕከል ውጡ። ማለዳ ይሻላል፤ ፀሐይ ከበረታች ይደበቃሉ። ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱና ቁጥቋጦ አጠገብ አሥር ደቂቃ ዝም ብላችሁ ቁሙ።